የቁርስ ጉበትና የበርሜል ጉበት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤተሰቦቼ ከአንድ ነገር ተገላግለዋል፤ ጉበት ሲቀርብ ገልብጬ መመርመር ትቻለሁ። ድሮ ጠዋት ላሆህ በጉበት ሲመጣ (ላሆህ ለማያውቀው፣ የሶማሌዎች ስስ እንጀራ ነው) ሁሉም «ቢስሚላህ» ብሎ ሲጎርስ፣ እኔ አንዷን ቁራጭ በጣቴ ይዤ ወደ መስኮቱ ብርሃን እወስዳት ነበር። ባለቤቴ «ይቺ ሴትዮ ቁርሷን ልትበላ ነው ወይስ ልትፈርምበት?» ይል ነበር። አሁን ዝም ብዬ እበላለሁ። አንዳንዴ ዓይኔ ወደ ጠርዙ ቢሄድ እንኳ ማንም ሳያየኝ ቶሎ እጎርሰዋለሁ።

ከድጃ እባላለሁ። አባቴ ከወሎ ጨርቅ ይዞ ጅግጅጋ የመጣ ነጋዴ ነበር፤ መጥቶ ቀረ፣ እኔም እዚሁ ተወለድኩ። አማርኛው የቤት፣ ሶማሌኛው የሰፈር ቋንቋዬ ሆኖ አደግኩ። ሥራዬ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ «የከብት ሐኪም ነሻ!» ይለኛል፤ አይደለሁም። ሐኪሙ በጉን ያክማል፤ እኔ ከበጉ የመጣውን ደም፣ ፋንድያና ሥጋ ይዤ ምን እንደነካው እፈልጋለሁ። ስለ ደመወዙ ብዙ የምለው የለኝም፣ ከወር ወር አድርሶኛል። ስለ ወረቀቱም ቢሆን፣ ለአንዲት ጠርሙስ አሲድ አምስት ፊርማ ያስፈልግ እንደነበር ተናግሬ ልለፈው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ደምበል ነው፤ ከዚያ አዲጋላ፣ ቀጥሎ ሐርተሼክ። ደምበል ማይክሮስኮፕ ነበረን፣ መብራት ግን አልነበረንም፤ በመስታወት ፀሐይ እየያዝን ነበር የምናየው። አዲጋላ መብራቱ ሲመጣ ማይክሮስኮፑ ተበላሸ። ሐርተሼክ ሁለቱም ተሟሉልኝ፣ ውሃ ጠፋ። እንዲህ እያለ ዕድሜዬ ሄደ። አማርሬ አይደለም የምናገረው፤ በሦስቱም ቦታ ሰው ወዶኛል፣ እኔም ሰው ወድጃለሁ።

ከሐርተሼክ አንድ ነገር ግን አልለቀቀኝም። አንዲት ሴት የሞተች በጓን በአህያ ጋሪ ጭና መጣች። በጓ ከፋፈን ወንዝ ዳር፣ ረግረግ ካለበት የተገዛች ናት፤ መንጋጋዋ ሥር ውሃ ቋጥሯል። ሆዷን ስንከፍት ጉበቷ ጠንክሮ፣ የሐሞት ቧንቧዎቹ እንደ ገመድ ወጥተው አገኘናቸው። አንዱን ሰነጠቅኩትና ጠፍጣፋ ትል ወጣ። የጉበት ትል ነው፤ ትንሽ ቅጠል ይመስላል። ሴትዮዋ በእንጨት ጫፍ ገለበጠችው።

«በጌን የገደለችው ይቺ ናት?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እንዴት አድርጋ?»

«ጉበቷን በላቻት።»

ሴትዮዋ ጉበቱን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ከሞላ ጎደል ሙሉ ነው። «ታዲያ የተበላው የታለ?» አለች። ዘወር ብዬ እጄን የምታጠብ መሰልኩ። ውሃ እንደሌለን ደግሞ እሷም ታውቃለች።

በ2011 ወደ ጅግጅጋው ላቦራቶሪ ስዛወር ሃምሳን አልፌ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሰው ደህና ወንበር ይፈልጋል እንጂ መምህር አይፈልግም። እኔን ግን መምህር ላይ ጣለኝ። ጋሽ ወርቁ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ላቦራቶሪው በሙሉ «ጋሽ» ስለሚለው እኔም አልኩት። የተወለደው አዲጋላ ነው፣ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ልጅ። አባቱ «ባቡሩ መጣ አትበለኝ፣ በስንት ሰዓት መጣ?» እያሉ ነው ያሳደጉት። ስለዚህ ጋሽ ወርቁ ሰዓት የማይጽፍበት ነገር አልነበረም። የሻይ ፔርሙዙ ላይ ሳይቀር በፕላስተር «2፡10 ተፈላ» ብሎ ይለጥፍ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ፎርም ላይ የሰዓት ቦታ ስለሌለ በማስመሪያ የራሱን መስመር ያሰምር ነበር። እንስሳው በስንት ሰዓት ታረደ፣ ጉበቱ በስንት ሰዓት ተቆረጠ፣ በረዶ ላይ በስንት ሰዓት ዋለ። እኔ «ጋሽ ወርቁ፣ የበጉን ኮከብ ልታስቆጥርለት ነው?» እያልኩ እስቅበት ነበር።

ፒፔት (ፈሳሽ እየሳበ የሚለካ ቀጭን ቱቦ ነው) ሲይዝ አይናገርም፤ ሚኒስትር ቢገባም የግራ ጣቱን ከፍ አድርጎ ያስቆመዋል እንጂ ሰላም አይለውም። ሳምንት ሳምንት ፒፔቱን ራሱን ይፈትነዋል፤ ውሃ ይስብበትና በሚዛን ይመዝናል። ጉበት ሲመጣለት መጀመሪያ በቀዝቃዛ የጨው ውሃ ደሙን እስኪለቅ ያጥበዋል፣ «የደሙን ቁጥር የጉበቱ አድርገሽ እንዳታነቢው» እያለ። ከዚያ በበረዶ በተከበበ ሙቀጫ ይፈጨዋል። እጁ ቀይ እስኪሆን ይቀዘቅዛል፣ ግን አይቸኩልም። አንድ አባባል ነበረችው፦ «በቁጥር ከመደሰትሽ በፊት ጠርጥሪው።»

የሐርተሼኳን ሴት ጥያቄ አንድ ቀን አጫወትኩት። ሳቀና «ሴትዮዋ ልክ ናት፣ ትሏ የምትበላው ትንሽ ነው» አለኝ። «ችግሩ ሌላ ነው። ሰውነት ትሏን ለማጥፋት የሚያቃጥል ነገር ይረጫል። ያ የሚያቃጥል ነገር ደግሞ ትሉን ከጉበቱ አይለይም። ብረት ሲዝግ አላየሽም? ጉበትም እንደዚያ ይዝጋል።»

«ታዲያ ጤነኛው ለምን አይዝግም?»

«መከላከያ አለዋ! ዝገቱን የሚያከሽፉ ነገሮች ጉበት ውስጥ ሞልተዋል፤ አንቲኦክሲዳንት የሚባሉት እነሱ ናቸው። ትሉ ሲበዛና ሲቆይ ግን መከላከያው ያልቃል።»

ተነሥቶም አሳየኝ። የጤነኛና ትል ያለበት ጉበት ቁራጭ በሁለት ሳህን አደረገና ሐኪም ቤት ቁስል የሚያጥቡበትን ፐርኦክሳይድ እኩል እኩል አንጠባጠበባቸው። የጤነኛው አረፋ ሳህኑን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። የበሽተኛው ትንሽ ተንፈቅፍቆ ተኛ። «ይሄን አረፋ የሚሠራው ካታሌዝ ነው፤ አንዱ መከላከያ» አለኝ። «ግሉታታዮን የሚባል ሌላም አለ። እሱ በዓይን አይታይም፣ በመሣሪያ ነው የምናነበው። ጠባዩ ግን ስስ ነው። እንስሳው እንደታረደ በሙቀት መጥፋት ይጀምራል፣ አይጠብቅሽም።» ይህንን በራሴ እጅ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ዛሬም ደብተሩ አለ፣ ጽሑፉም ያምራል።

ጋሽ ወርቁ በ2013 ጡረታ ወጥቶ ልጁ ዘንድ ድሬዳዋ ገባ። የላቦራቶሪው ቁልፍ ለእኔ ቀረ። መጀመሪያ ላይ እንደ እሱ መስመር አሰምር ነበር። ኋላ ማስመሪያው ጠፋ፤ ከዚያ ሥራ በዛ፤ ከዚያ የሰዓቱን ቦታ «ጠዋት» እያልኩ መሙላት ጀመርኩ። በመጨረሻ የታተመው ፎርም ራሱ ምን አነሰው ብዬ ተውኩት። ሰው መልካም ልማድ በአንድ ቀን አይተውም፤ እየቆነጠረ ነው የሚጥለው።

በተከታዩ ዓመት ሆዳን መጣች። ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማር ልጅ ናት፤ እናቷ የግመል ወተት ሸጠው ያስተማሯት፣ ፈጣን፣ ሳቂታ። ገና በመጀመሪያው ቀን «ኤዶ» አለችኝ፤ በሶማሌኛ የአባት እኅት ማለት ነው። ጥያቄዋ ያው የሐርተሼኳ ሴትዮ ጥያቄ ነበር፤ ትል የያዘው የበግ ጉበት መከላከያው ምን ያህል ያልቃል? ብዙ የሚያልቅ ከሆነ መድኃኒት ሰጥቶ ትሉን መግደል ብቻ አይበቃም፣ በጉ የሚያገግምበት ግጦሽና ጊዜ ያስፈልገዋል። ይህንን ለአርቢው በማስረጃ መንገር ፈለገች። ሌላም ነገር ነበረባት። ዩኒቨርሲቲው የመምህርነት ቦታ ይዞላት ነበር፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ ከተመረቀች የእሷ ነው፣ ካለፈ ለሌላ ይሰጣል።

ናሙና የምንወስደው ከቄራ ነው። እዚህ አገር የጉበት ሰዓት ጠዋት ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የምግብ ቤት ሰዎች ባልዲ ይዘው በር ላይ ተሰልፈዋል፤ አንድ ሰዓት ሲሆን በቄራው ውስጥ የሚሸጥ ጉበት ለመድኃኒት አይገኝም። ስለዚህ እኔና ሆዳን መጀመሪያ ሥጋ ሻጯ ሀዎ ዘንድ እንሮጣለን። ሀዎ ድምፅዋ ከቄራው አጥር ውጭ የሚሰማ ሴት ናት። «አባዮ፣ ነይ! ቁርስ ሳይቀድምሽ ውሰጂ!» ትለኛለች፤ አባዮ ማለት እኅቴ ማለት ነው። ከጤነኛው ጉበት ገዝተን፣ ቆርጠን፣ በረዶ ላይ አድርገን በባጃጅ ወደ ላቦራቶሪ እንበራለን።

ትል ያለበትን ጉበት የሚሻማን የለም። የሥጋ መርማሪው ያስወገደውን ሁሉ በርሜል ውስጥ ይጥልና፣ ማንም አውጥቶ ለውሻ እንዳይሰጠው በቁልፍ ይቆልፈዋል። መዝገቡን ሞልቶ ሲጨርስ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሊያስቀብረው ሲከፍት እኛ ተመልሰን ከዚያ እንወስዳለን። ለወራት እንዲህ ሠራን። ፎርሙ ላይ ከቀኑ አጠገብ ለሁለቱም «ጠዋት» ብዬ ጻፍኩ። ውሸትም አልነበረም።

ቁጥሮቹ ሲወጡ ሆዳን በላቦራቶሪው መሃል እጇን እያጨበጨበች ዞረች። የጤነኞቹ ግሉታታዮን ከላይ፣ የበሽተኞቹ ከታች፣ በመካከላቸው ገደል። አንድም የተደባለቀ የለም። ኃላፊያችን ሰንጠረዡን አይቶ «ይሄ በትልቁ ታትሞ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል» አለ። እኔም ደስ አለኝ፣ ኮራሁም፤ ከሥሩ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

ሆዳን ጽሑፏን በመምህራን ፊት ልታቀርብ ሦስት ሳምንት ሲቀራት አንድ የመጨረሻ ናሙና ጎደለ። የተጠበቀብንን ብዛት ለመሙላት አንድ ጤነኛና አንድ በሽተኛ ያስፈልጋል። እሷ የዚያን ቁጥር ቦታ ክፍት ትታ ጽሑፏን ልታሳትም ስለሄደች ብቻዬን ቄራ ሄድኩ። ስመለስ ባጃጁ ከፍየል ሊሸሽ ሲል በኃይል አቆመና የበረዶው ሳጥን ተገለበጠ፣ የጤነኛው ቱቦ ተሰበረ። አልተጨነቅኩም። ከዚያው ከአንዱ በግ ጉበት ግማሹን ለቤት ምሳ ገዝቼ በፌስታል ይዤ ነበር። በሽተኛውን ከበርሜሉ አምጥቼ፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ከምሳችን ቆረጥ አደረግኩና አጥቤ፣ ፈጭቼ መሣሪያው ውስጥ ከተትኩት።

የወጣው ቁጥር የበሽተኛ ነው። እንዲያውም ከበርሜሉ ይብሳል።

ኬሚካሉ አርጅቷል ብዬ አዲስ በጥብጬ ደገምኩት። ያው ነው። ፌስታሉን ከፍቼ ጉበቱን በመስኮቱ ብርሃን አገላበጥኩት፤ ጠርዙ ስለታም፣ ቀለሙ ንጹሕ፣ ቧንቧው ለስላሳ። ይህንን ጉበት ለልጆቼ ላበላ ነበር። እንግዲህ ጉበቱ ካልታመመ የታመመው ምንድን ነው ብዬ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ያኔ ነው የበርሜሉ ቁልፍ ትዝ ያለኝ። በሽተኞቹ በሙሉ ሦስት ሰዓት በሙቀት የቆዩ፣ ጤነኞቹ በሙሉ ቁርስ ሳይቀድመን የተቆረጡ። ለወራት ስንለካ የኖርነው ትሉን ብቻ ሳይሆን የጅግጅጋን የቁርስ ሰዓት ጭምር ነበር።

በማግስቱ ከሀዎ አንድ ጤነኛ ጉበት ገዛሁ። ወዲያው አንድ ቁራጭ በረዶ ላይ አደረግኩ፣ ሌላውን ጠረጴዛ ላይ ትቼ በየግማሽ ሰዓቱ እየቆረጥኩ ለካሁ። ግሉታታዮኑ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ወረደ። ሦስተኛው ሰዓት ላይ ጤነኛው ጉበት የበርሜል ጉበት ሆነ።

ለኃላፊያችን ነገርኩት። ደግ ሰው ነው፣ ሊያጽናናኝ ነው የፈለገው። «ወይዘሮ ከድጃ፣ መጽሐፉም ትል ሲኖር መከላከያው ይቀንሳል ነው የሚለው። እናንተም ቀነሰ አላችሁ። ምን ችግር አለው?»

«ጎረቤት ደብተር ላይ ገልብጦ ልክ መልስ መጻፍ ነው እኮ» አልኩት።

«ልጅቷ ቦታውን ታጣለች። እርስዎም ፈርመዋል። ይተዉት።»

እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን ልተወው አስቤ ነበር። ማንም አያውቅም። የሆዳን እናት በየመንገዱ ወተት ተሸክመው የደከሙት በእኔ ስንፍና ሊቀር ነው ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ለጋሽ ወርቁ ድሬዳዋ ደወልኩ። ሁሉን ሰማኝ።

«በርሜሉ በስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?» አለ።

«ሦስት ሰዓት።»

«ልጅቷ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ታዲያ ለምን እኔ ዘንድ ደወልሽ?» አለና ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ ጠይቆኝ ስልኩን ዘጋ።

ሆዳን በሚቀጥለው ቀን የተጠረዘውን ጽሑፍ አቅፋ መጣች። የጠረጴዛው ላይ ጉበት ቁጥሮችን ፊቷ አስቀመጥኩላት። አንብባ ስትጨርስ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«ኤዶ፣ በሙቀት እንደሚጠፋ አንቺ አታውቂም ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ። አስተምሬሽማለሁ። በርሜሉ ግን አልታየኝም።»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጽሑፏን አንሥታ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች። አራት ቀን ስልኳን አላነሣችም። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ስህተት ሠርቼ አላውቅም አልልም፤ የሠራሁት ግን በራሴ ላይ ነበር የሚወርደው። ይሄኛው የወረደው በሌላ ሰው ልጅ ላይ ነው። እነዚያን አራት ቀናት ምግብ አልበላልኝም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ቄራ ስደርስ ሆዳን የበረዶ ሳጥን ላይ ተቀምጣ በር ላይ አገኘኋት። ዓይኗ አብጧል። «አማካሪዬን ለመንኩት» አለች። «የሰኔ መጨረሻ ቀን ሰጥቶኛል። አምስት ሳምንት አለን። እንዴት ነው የምናደርገው?» ይቅርታ አልጠየቅኩም፣ እሷም አላነሣችብኝም። ሥራ ነበረብን።

የሥጋ መርማሪውን ለመንነው፤ ክርኑ ሥር እንድንቆም ፈቀደ። ጉበቱን ሲያይ ጤነኛም ሆነ በሽተኛ እዚያው በዚያው ጣት የምታህል እቆርጣለሁ፣ ሆዳን ሰዓት ጠርታ ትጽፋለች፣ ቁራጩ በረዶ ላይ ይገባል። ለሁሉም እኩል ደቂቃ። ያላሰብነው የሀዎን ደንበኞች ነው። እዚህ ከተማ ሰው ጉበት የሚገዛው ሙሉውን አይቶ ነው፤ ከጠርዙ የጎደለ ከሆነ «የታመመውን ቆርጠው ጥለውለት ነው» ብሎ ይሸሻል። በመጀመሪያው ቀን የቆረጥናቸው ጉበቶች በሙሉ ባልዲ ሳይነካቸው ቀሩ። በሁለተኛው ቀን ሀዎ ቢላዋዋን ይዛ መንገድ ዘጋችብን።

«አባዮ፣ የተነከሰ ጉበት ማን ይግዛኝ? ካልተሸጠልኝ ልጆቼን ትል ታበያቸዋለሽ?»

«ሀዎ፣ ጤነኛ ነው እኮ!»

«እኔማ አውቃለሁ! ባለ ባልዲው መች አወቀ?»

ሆዳን «አለቀልን» ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። እኔም ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሀዎ ልጅቷን ጥቂት አየቻትና ስለ ምን እንደምታለቅስ ጠየቀችኝ። ስለ ዲግሪው፣ ስለ ቦታው፣ ስለ እናቷ ነገርኳት። እናቷን በወተት ገበያ ታውቃቸዋለች። ከጎደሉት አንዱን ጉበት ከፍ አድርጋ ወደ በሩ ጮኸች፦ «ወንድሞች! ይሄ ላቦራቶሪ አይቶ ያለፈው ነው! ሌላው የታየው በዓይን ነው፣ ይሄ በማሽን ነው! ለማን ልስጠው?» ባለ ባልዲዎቹ ተያዩ፤ አንዱ ሳቀና ወሰደው።

በሳምንቱ ደንበኛ ሁሉ «የተቆረጠውን ስጪኝ» ማለት ጀመረ። አንድ ጠዋት እንዲያውም እኛ ያልደረስንበት ጉበት ጠርዙ ተቆርጦ ተሰቅሎ አየሁ።

«ሀዎ! ይሄንን እኔ አልቆረጥኩትም!»

«የእኔ እጅ ከአንቺ በምን ያንሳል?» አለችኝ ዓይኗን ሳታሽ። ወላሂ፣ በቁጣዬ መሃል ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሁለተኛ እንዳትሠራው አስምያት ወጣሁ።

አዲሱ ሰንጠረዥ እንደ ድሮው አያምርም። ገደሉ የለም። ጥቂት ትል ያለባቸው ጉበቶች ከጤነኞቹ ጋር ተደባልቀው ተቀመጡ፤ ትል የበዛባቸውና የጠነከሩት ብቻ ናቸው በግልጽ ዝቅ ያሉት። ሆዳን ወረቀቱን አዙራ አዙራ አየችው። «ትንሽ ነው ኤዶ» አለች። እኔ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ይሄኛው ደስ አለኝ፤ ለአርቢው የሚነገር ነገር አለውና። ቶሎ ካከምከው ጉበቱ ገና መከላከያ አለው፤ ከዘገየህ መድኃኒቱ ትሉን ቢገድልም በጉ ለማገገም ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። ለሐርተሼኳ ሴትዮ ልነግራት የሚገባኝ ይህንን ነበር።

ሆዳን አለፈች፣ ቦታውንም አገኘች፤ ዛሬ መምህር ናት፣ እኔም አልሐምዱሊላህ በሰላም ቤቴ ገባሁ። ያንን የሰኔ መጨረሻ ቀን ግን ሳልነግራችሁ ልጨርስ አልችልም።

አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። የሄድኩት ለመስማት ብቻ አይደለም፤ ጥፋቱ በልጅቷ ላይ ከመጣ ተነሥቼ የእኔ ነው ልል ነው። የምናገረውን ሦስት ጊዜ በልቤ አጥንቼዋለሁ። ሆዳን መጀመሪያ ያወጣችው ያንን የሚያምረውን፣ ገደል ያለበትን ሰንጠረዥ ነው። «ይሄ ስህተት ነው» አለች። ስለ ቁርሱ፣ ስለ በርሜሉ ቁልፍ፣ ስለ ሦስቱ ሰዓት አስረዳች። የማንንም ስም አላነሣችም፣ «ተሳሳትን» ነው ያለችው። ቀጥሎ አዲሱን አሳየች።

ከሌላ ከተማ የመጡ አንድ ሽማግሌ መምህር ነበሩ፤ እስከዚያ ድረስ አንዴም ፈገግ አላሉም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ይህንን ስህተት ያገኘው ማነው?» አሉ።

እኔ ለመነሣት ወንበሩን ስይዝ ሆዳን ቀደመችኝ።

«የሠራችው ራሷ ናት ያገኘችው» አለች። «ልትደብቀው ትችል ነበር፣ ማንም አያውቅባትም ነበር። አምጥታ ለእኔ ሰጠችኝ። ኤዶዬ ናት፤ ያቻት፣ ኋላ የተቀመጠችው።»

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ሽማግሌው መምህር እየጠበቁኝ ነው። ሻርፔን አስተካክዬ ተነሣሁ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።